ጉልበትና መልክ፦ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክልን የመቀየር ታሪክ



የቴክኖሎጂ ታሪክ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ፈልሳፊው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የፋብሪካው ባለቤት ይመጣል። ዕቃውን በዱቤ ገዝቶ፣ ጓሮው አስገብቶ፣ በመፍቻ ፈታትቶ ሌላ ነገር ያደረገው ሰው ግን በመጻሕፍቱ ውስጥ ብዙም ቦታ የለውም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ነው። ለማሳያነት የመረጥሁት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክልን ነው። ቦታው በዋናነት እንግሊዝ፣ ዘመኑም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ያለው ነው፤ በኋላ ወደ ጃፓን ጎራ እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለ እንግሊዝ ማሽን ስናገር ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን እያልሁ ከጣልያን የወረስናቸውን የጋራዥ ቃላት መጠቀሜ ፈገግ ሊያሰኛችሁ ይችላል፤ ሆኖም መካኒኮቻችን የሚግባቡበትን ቃል ትቶ አዲስ መፍጠር ለማንም አይጠቅምም።

ሞተር ሳይክል የሚቀይሩ ሰዎችን በሁለት ወገን መክፈል የተለመደ ነው፤ አንደኛው ለጉልበት የሚደክም፣ ሁለተኛው ለመልክ የሚደክም። የመጀመሪያው ቁም ነገረኛ፣ ሁለተኛው ለታይታ የሚሮጥ ተደርጎ ይታያል። እኔ ይህ ክፍፍል ኋላ የመጣ ነው ብዬ እከራከራለሁ። በመነሻው መልክ ማለት ገንዘብ የሌለው ወጣት ያገኘው ጉልበት ነበር። የትኛው ማሽን እንደሚቀየር፣ ምን ያህል እንደሚቀየርም የወሰነው የወጣቱ ፍላጎት ብቻ አልነበረም፤ የቤንዚኑ ጥራትና የመንጃ ፈቃድ ሕጉ ከፍላጎቱ ያላነሰ ድርሻ ነበራቸው።

በመጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ማለት አንድ ፒስተን፣ አንድ ካርቡሬተር፣ አንድ ካንዴላ ማለት ነው። ቀላልነቱ ርካሽ አድርጎታል፤ ከዚህም በላይ ለማንበብ የሚቻል አድርጎታል። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቴስታታውን አንስቶ ውስጡ የሆነውን ሁሉ በዓይን ማየት ይቻላል። ነገር ግን ይህ ቀላልነት ገደብ አለው። ፒስተኑ 88 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ 88 ሚሊ ሜትር ወደ ታች የሚጓዝበትን ባለ 500 ሲሲ ሞተር እንውሰድ። በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በአማካይ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚያው ደቂቃ ውስጥ 14,000 ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ አቅጣጫውን ይለውጣል። ትልቅና ከባድ ብረት በዚህ ፍጥነት ማመላለስ ብረቱን ራሱን ይፈትነዋል። ስለዚህ የዚህን ሞተር ጉልበት መጨመር የሚፈልግ ሰው ዙሩን ከማፋጠን ይልቅ በእያንዳንዱ ምት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን አየርና ቤንዚን ማብዛት፣ የገባውንም አጥብቆ ማመቅ ይኖርበታል። የአየር መግቢያውን ቀዳዳ ማለስለስ፣ ሰፋ ያለ ካርቡሬተር መግጠም፣ ቫልቮቹን ይበልጥ ከፍቶ የሚያቆይ ካም ማስገባት፣ የፒስተኑን አናት ከፍ ማድረግ፤ የሙያው ዋና ዋና ሥራዎች እነዚህ ናቸው።

ማመቁ ላይ ግን ታሪክ ጣልቃ ይገባል። ብሪታንያ በጦርነቱ ጊዜ የነዳጅ ኩባንያዎቹን ስም አስቀርታ አንድ ወጥ ቤንዚን ለሁሉም ታድል ነበር። የዚህ ቤንዚን ኦክቴን 70 ገደማ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው ቤንዚን አብዝቶ ሲታመቅ ከጊዜው ቀድሞ ይፈነዳል፤ ሞተሩ እንደ መዶሻ ይመታል፤ ሲብስም ፒስተኑን ይበሳል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ይህ ቤንዚን እስከ 1953 ድረስ ቀጠለ። በዚያ ዘመን ከፋብሪካ የሚወጡት የመንገድ ሞተሮች በአብዛኛው ቀዝቀዝ ያሉና እመቃቸው ዝቅተኛ የነበሩት መሐንዲሶቹ ዕውቀት ስላጡ አይደለም። በ1953 የተሻለ ቤንዚን ወደ ማደያዎቹ ሲመለስ በየጓሮው የቆሙት ሞተር ሳይክሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአቅማቸው በታች የሚሠሩ ሆኑ። ነዳጁ ተሻሽሏል፤ ብረቱ ግን ገና የትናንቱን ቤንዚን እየጠበቀ ነበር። ስለ መቀየር ባህል የሚጽፉ ሰዎች ሙዚቃውንና የቆዳ ጃኬቱን አብዝተው ሲያነሡ ይህን የነዳጅ ለውጥ መዝለላቸው ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ከፍ ያለ ፒስተን ማስገባት የሚያዋጣው መንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ሲፈቅድ ነው።

ዕውቀቱስ ከየት መጣ? ከጦርነቱ በፊት የእሽቅድምድም ሞተር ማሰናዳት የጥቂት ሰዎች ምሥጢር ነበር። በ1948 ግን ፊል ኧርቪንግ የተባሉት አውስትራሊያዊ መሐንዲስ፣ በቪንሰንት ፋብሪካ የሠሩት፣ ርእሱ «ለፍጥነት ማሰናዳት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ ለሠራተኛው ሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ቫልቭ እንዴት እንደሚሞረድ፣ ፒስተን በሲሊንደሩ ውስጥ ምን ያህል ክፍተት እንደሚያስፈልገው፣ የአየር መግቢያው ቅርጽ ምን መምሰል እንዳለበት ያስረዳል። ለእኔ ይህ መጽሐፍ የዕደ ጥበብ ዕውቀት ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ወደ ብዙኃኑ የተሻገረበት ምልክት ነው። አንባቢዎቹ ደግሞ ለማንበብ ብቻ የሚያነቡ አልነበሩም። በበርሚንግሃምና በኮቨንትሪ ብዙ ወጣቶች በፋብሪካ የሙያ ተለማማጆች ነበሩ፤ በእጃቸው ቶርኖ አለ፣ ሞረድ አለ፣ ትክክለኛ መለኪያ አለ። በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ውስጥ በሥራ ሰዓት በድርጅቱ መሣሪያ የግል ዕቃ ሠርቶ በኪስ ይዞ መውጣት የቆየ ልማድ ነበር፤ አለቆችም ብዙውን ጊዜ አይተው እንዳላዩ ያልፉታል።

ከባለ አንድ ሲሊንደሮቹ ሁሉ የላቀ ዝና ያገኘው የቢኤስኤ ጎልድ ስታር ነው። ቢኤስኤ ከስሙ እንደሚታወቀው የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪ ኩባንያ ነበር። በሰኔ 1937 ዋልተር ሃንድሊ ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ በአልኮል ነዳጅ በሚሠራ የቢኤስኤ ሞተር ሳይክል በሰዓት ከ100 ማይል፣ ማለትም ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ዞረ። የእሽቅድምድም ክለቡ ይህን ላደረገ ሰው የሚሰጠውን ትንሽ የወርቅ ኮከብ ሸለመው፤ ፋብሪካውም በዓመቱ አዲሱን ሞዴል በዚያ ኮከብ ስም ሰየመው። ከጦርነቱ በኋላ በባለ 350 እና በባለ 500 ሲሲ እየተሻሻለ መጥቶ በ1956 የመጨረሻው ዓይነት ወጣ። እያንዳንዱ ሞተር ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት በጉልበት መለኪያ ይፈተን ነበር፤ ገዢው የፈተናውን ውጤት በወረቀት ይቀበላል። የባለ 500ው ጉልበት 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር፤ ለዚያ ዘመን መንገድ እጅግ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማስተካከል እፈልጋለሁ። መቀየር በፋብሪካው ላይ የተነሣ አመፅ ተደርጎ ይተረካል። ጎልድ ስታርን ስንመለከት ግን የምናገኘው ተቃራኒውን ነው። ካሙን፣ የማርሽ ምጣኔውን፣ ፒስተኑን፣ የነዳጅ ታንኩን ገዢው ለሚፈልገው ሥራ ከፋብሪካው ዝርዝር እየመረጠ ይገዛ ነበር። ኤዲ ዳው በ1955 በማን ደሴት በተደረገው የክለብ አባላት ውድድር በዚሁ ሞተር ሳይክል ካሸነፈ በኋላ በባንበሪ ከተማ የጎልድ ስታር መደብሩን ታዋቂ አደረገ፤ የአሉሚኒየም ታንክና የተሻሻለ ፍሬን እየሸጠ ፋብሪካው የተወውን ጎዶሎ ይሞላ ነበር። ፋብሪካ፣ መደብር፣ ተወዳዳሪና ጎረምሳ በአንድ ገመድ የተሳሰሩ ነበሩ። ማሽኑም ለመንገድ እንዳልተሠራ አይደብቅም ነበር። ሰፊው ካርቡሬተር ቆሞ ለማንኮራኮር የሚያስችል መላ አልነበረውም፤ የትራፊክ መብራት ላይ የነዳጁን እጀታ እያባባለ ካልያዙት ይጠፋል። አንደኛው ማርሽ ብቻውን ወደ 95 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስለሚደርስ በከተማ ውስጥ ፍሪሲዮን እያንሸራተቱ መንዳት ግድ ነው። ይህን ማሽን ገዝቶ ወደ ሥራ የሚሄድበት ወጣት በየቀኑ ችግር እየገዛ እንደነበር አያጠራጥርም።

አብዛኛው ወጣት ግን ጎልድ ስታር የመግዛት አቅም አልነበረውም። የነበረው የዚያው ፋብሪካ ተራ ምርት፣ አባት ለሥራ ይመላለስበት የነበረው ከባድና ታጋሽ ማሽን ነው። የመልክ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ አካል በአየር ውስጥ ሲሮጥ የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ይጨምራል፤ ያንን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኩብ ያድጋል። ከ130 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 160 ለመድረስ አየሩን ብቻ ለመግፋት ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህን በካምና በካርቡሬተር ማግኘት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ነጂው ደረቱን ታንኩ ላይ አስተኝቶ ክርኑን ቢሰበስብ ግን የሚጋፈጠው የአየር ስፋት ይቀንሳል። ለዚህ መሪው ዝቅ ማለት አለበት፤ ስለዚህ ሰፊው መሪ ወጥቶ በፊት ሹካው ላይ የሚታሰሩ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ገቡ። መሪው ዝቅ ሲል ጉልበት ከሆድ ጋር ይጣላል፤ ስለዚህ የእግር መርገጫው ወደ ኋላ ሄደ። ሰውነት ወደ ኋላ ሲንሸራተት የሚያቆመው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ መቀመጫው ከኋላው ጉብ አለ። ታንኩ ረዘመ፤ ለጉልበት ማቀፊያም ጎኑ ተሰረጎደ። ዛሬ «የካፌ ተሽቀዳዳሚ» ተብሎ የሚጠራው መልክ፣ በየፋሽን መጽሔቱ የሚታየው፣ ከዚህ ሰንሰለት ውስጥ የወጣ ነው። እያንዳንዱ መስመር ለቀደመው መስመር የተሰጠ መልስ ነበር። ውበቱን ያዩት በኋላ ነው፤ ወይም፣ ለልከኝነት፣ ውበቱንና ፍጥነቱን ለይተው አላዩትም።

የዚህ ሕይወት መድረክ ከለንደን ሰሜን ምዕራብ በቀለበት መንገዱ ዳር የነበረው ኤስ ካፌ ነው። በ1938 ለጭነት መኪና ሾፌሮች ተከፈተ፤ በጦርነቱ በቦምብ ፈረሰ፤ በ1949 እንደገና ተሠራ፤ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ስለነበር የወጣቶቹ መሰብሰቢያ ሆነ። በሙዚቃ ማጫወቻው ሳንቲም ጨምረው ዘፈኑ ሳያልቅ የተባለ አደባባይ ደርሰው ይመለሱ ነበር የሚለውን ትረካ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ይህ ከተደረገው በላይ የተነገረ ይመስለኛል። ሞቱ ግን ትረካ አልነበረም። ሄልሜት ግዴታ የሆነው በ1973 ነው፤ ጎማው ደካማ፣ ፍሬኑ ከሞተሩ ያነሰ ነበር። ሞተሩን ያፋጠነ ሁሉ ፍሬኑን አላሻሻለም፤ ምክንያቱም መጽሐፉም፣ መደብሩም፣ ጨዋታውም አብዝቶ የሚያወራው ስለ መሄድ እንጂ ስለ መቆም አልነበረም። ጋዜጦች ወጣቶቹን እንደ ወንበዴ ሲሥሏቸው የአንግሊካን ቄስ ቢል ሸርጎልድ ወደ ካፌው ሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ጋበዟቸው፤ በ1962ም በምሥራቅ ለንደን በነበረው 59 ክለብ ውስጥ ለሞተር ሳይክል ነጂዎች ቦታ ከፈቱላቸው። ፈርተው የራቋቸው ብዙዎች በነበሩበት ጊዜ ይህ ትንሽ ድፍረት አልነበረም።

መንግሥት የመለሰው በሕግ ነው። ከ1961 ጀምሮ ገና በልምምድ ፈቃድ ላይ ያለ ነጂ ከ250 ሲሲ በላይ እንዳይነዳ ተከለከለ። ሕግ አውጪዎቹ አደጋ ለመቀነስ አስበው ነው፤ ውጤቱ ግን ሌላ ገጽታም ነበረው። የጎረምሳው ዓይን በአንድ ጊዜ ከትልቁ ሞተር ወደ ትንሹ ዞረ። ቀድሞ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ባለ 250 ሲሲ የነፍስ ወከፍ ማመላለሻ ዝቅ ያለ መሪና ወደ ኋላ የሄደ መርገጫ ተገጠመለት። ሮያል ኤንፊልድ ይህን አይቶ በ1964 መጨረሻ ኮንቲኔንታል ጂቲ የተባለውን አወጣ። ባለ 248 ሲሲ አንድ ሲሊንደር፣ አምስት ማርሽ፣ ረጅም ቀይ የፋይበር ታንክ፣ ከፋብሪካው ዝቅ ብሎ የተገጠመ መሪ ያለው ነበር። ለማስታወቂያ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ እስከ እንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስነዱት። አስተውሉ፤ ጓሮ ውስጥ የተወለደው ቅርጽ አሁን ዋስትና ወረቀት ይዞ ከመደብር ይሸጣል። ጎረምሳው የሠራው መልስ የፋብሪካው ጥያቄ ሆነ። በእኔ ግምት ጉልበትና መልክ መለያየት የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱም መልኩን ለማግኘት ከእንግዲህ መፍቻ ማንሣት አያስፈልግም ነበር።

ትልቁ ባለ አንድ ሲሊንደር በዚያን ጊዜ እየሞተ ነበር። ጎልድ ስታር በ1963 አበቃ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የካንዴላውን ብልጭታ የሚያመነጨውን ማግኔቶ የሚያቀርበው ኩባንያ ምርቱን ማቆሙ ነው። የኖርተን ማንክስ የተባለው የእሽቅድምድም ማሽን ዕጣ ደግሞ የተለየ ነው። ኖርተን ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም ስላለ የትንንሽ መኪና ተወዳዳሪዎች ሙሉውን ሞተር ሳይክል እየገዙ ሞተሩን አውጥተው መኪናቸው ላይ ይገጥሙ ነበር። የተረፈው ቻሲስ፣ በዘመኑ ወደር ያልነበረው፣ በርካሽ ሲገኝ ወጣቶቹ የትራያምፍን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር አስገቡበት። የአንዱ ውድድር ትራፊ ለሌላው ባህል እንጀራ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የጃፓን ባለ አራት ሲሊንደሮች መጡ፤ ጉልበት ከመደብር በርካሽ የሚገዛ ነገር ሆነ። በአመክንዮ ከሄድን ባለ አንድ ሲሊንደርን መቀየር እዚህ ላይ ሊያበቃ ይገባ ነበር። ያላበቃው በዚያው በጃፓን ነው፤ ምክንያቱም እዚያም የመንጃ ፈቃድ ሕግ ነበር። ከ1975 ጀምሮ መካከለኛው ፈቃድ እስከ 400 ሲሲ ብቻ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ለመንዳት የሚሰጠው ፈተና እስከ 1996 ድረስ ብዙዎችን የሚጥል ነበር። ያማሃ በ1978 ኤስአር የተባለውን ባለ አንድ ሲሊንደር በሁለት መጠን አወጣ፤ 500 እና 400። የሁለቱም ሲሊንደር ስፋት 87 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት መቶው የተገኘው የፒስተኑን ጉዞ ከ84 ወደ 67.2 ሚሊ ሜትር በማሳጠር ነው። አንድ የሕግ አንቀጽ በብረት ላይ ተጽፎ ማየት የሚፈልግ ሰው ይህችን የ16.8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይመልከት። ኤስአር 400 በእግር እየተረገጠ የሚነሣ ሆኖ እስከ 2021 ድረስ ተመረተ። በጃፓን ወርክሾፖች እጅ የእንግሊዙን ጎልድ ስታር መሰለ፤ የቆሻሻ ሜዳ ተሽቀዳዳሚም፣ ራቁት ማሽንም ሆነ። እዚህ ማንም 160 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ብሎ መሪ ዝቅ አላደረገም። መስመሩ ቀርቷል፤ መስመሩን የወለደው አየር ግን የለም። ይህን እንደ ውድቀት አላየውም። የጃፓኖቹ ሥራ በብየዳው ንጽሕናና በክፍሎቹ ምጣኔ ከእንግሊዞቹ ጓሮ የተሻለ ነው፤ ዓላማው ግን ሌላ ነው።

አሁን እኔን እንደ ታሪክ ባለሙያ ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ልምጣ። የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ዋጋ ሲንር ሰብሳቢዎች ማሽኑን «ወደ ፋብሪካ መልኩ መመለስ» የሚባለውን ሥራ ያዙ። በ1958 አንድ ተለማማጅ በሞረድ ያሰፋው የአየር መግቢያ ይጣላል፤ በእጁ የሠራው የማርሚታ ማሰሪያ ይነቀላል፤ የበሳው ቀዳዳ በብየዳ ይሞላል፤ ከዚያ ካታሎጉ ላይ ያለው ቀለም ይቀባል። የአገራችንን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ የምናጠና ሰዎች በወንጌል ብራናዎች ኅዳግ ላይ የተጻፉ የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች ምን ያህል እንደጠቀሙን እናውቃለን። አንድ ሰው ብራናውን «ወደ ንጹሕ ወንጌልነቱ ልመልሰው» ብሎ ኅዳጉን ቢፍቀው የምንለውን እዚህ አልደግመውም። የተቀየረ ሞተር ሳይክልም እንዲሁ ኅዳጉ የተጻፈበት ሰነድ ነው። የፋብሪካውን ሥራ በፋብሪካው መዝገብና ሥዕል ላይ እናገኘዋለን፤ የተለማማጁ ሥራ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።

በሌላ በኩል ሁሉም ለውጥ ይጠበቅ ብል ደግሞ ሐሰተኛውን ሰነድ ከእውነተኛው ጋር ማስቀመጥ ይሆናል። የጎልድ ስታር ዋጋ ከወንድሞቹ እጅግ ስለበለጠ የዚያው ፋብሪካ ተራ ማሽኖች፣ ቢ31 እና ቢ33 የተባሉት፣ ጎልድ ስታር ለብሰው በገበያ ይታያሉ። ሰፊ ክንፍ ያለው ቴስታታ፣ ረጅም ታንክ፣ ወደ ኋላ የተጠመዘዘ የጭስ ቱቦ ተገጥሞላቸው ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። አንድ ምልክት ግን አለ። በጎልድ ስታር ቻሲስ በቀኝ በኩል፣ ከሞተሩ ሥር፣ የታችኛው ቱቦ ለዘይት ፓምፑ ቦታ ለመልቀቅ ትንሽ ታጥፏል፤ በተራዎቹ ላይ ቱቦው ቀጥ ያለ ነው። የሚያውቅ ገዢ ታንኩንና ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ተንበርክኮ ያችን እጥፋት በጣቱ ይዳስሳል። አስመሳዮቹም ይህን ስለሚያውቁ ቱቦውን ቆርጠው ማጠፍ ጀምረዋል፤ መርማሪው ደግሞ አሁን የሚፈልገው እጥፋቱን ሳይሆን በእጥፋቱ ዙሪያ ያለውን የብየዳ ጠባሳ ነው።